ዘጠና ሰባት መልእክት ተልኮ ሰሚ ጠፋ

እርስዎ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነዎት እንበል። ጧት ገብተው ወንበርዎን ስበው ሲቀመጡ ጠረጴዛዎ ላይ ዘጠና ሰባት ደብዳቤ ተቈልሎ ያገኛሉ። በአንዱም ላይ «አስቸኳይ» የሚል ምልክት የለም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት የተጻፉ ናቸው። ሻይዎን ጠጥተው እስኪመለሱ ቢያቆዩአቸው ማን ይፈርድብዎታል?

እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ደርሷል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 1 ቀን 2012 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚመጡትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ኩባንያ ለስምንት ሰርቨሮች አዲስ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም በሰባቱ ላይ ተጭኖ በስምንተኛው ላይ ሳይጫን ቀረ። በስምንተኛው ውስጥ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ሥራውን ያቆመ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር። በዚያ ቀን ጧት ከ8፡01 ሰዓት ጀምሮ የኩባንያው ኮምፒዩተር የዚህኑ አሮጌ ፕሮግራም ስም እየጠራ 97 የኢሜይል መልእክት ለሠራተኞች ላከ። ገበያው የሚከፈተው 9፡30 ላይ ስለ ነበረ፣ የሚያነብ ሰው ቢገኝ ነገሩን ለማጣራት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነበረው። ነገር ግን እነዚያ መልእክቶች የአደጋ ማስጠንቀቂያ እንዲሆኑ ታስበው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም ይህን ዓይነቱን መልእክት እንደ ደረሰ የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም።

ገበያው ተከፈተ፤ አሮጌው ፕሮግራምም ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ የደንበኞችን 212 ትእዛዝ ብቻ ሊፈጽም የሚገባው ኮምፒዩተር ከ4 ሚሊዮን በላይ ትእዛዝ ወደ ገበያው አፈሰሰ፤ ከ397 ሚሊዮን በላይ አክሲዮንም ገዛና ሸጠ። ኩባንያው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በሚከተለው ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ የአገሩ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሽንም 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

የጥፋቱ ምክንያት ብዙ ነው። አንዱን ግን ልብ ይበሉ፤ ኮምፒዩተሩ ዝም አላለም፤ ዘጠና ሰባት ጊዜ ተናግሯል። የጐደለው፣ የተናገረው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነና የሰማው ሰው ተነሥቶ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ዛሬ የማጫውትዎ ስለዚሁ ምልክት ነው።

የመርከበኞች እንጨት

አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ያየውንና ያደረገውን የሚጽፍበት መዝገብ በእንግሊዝኛ «ሎግ» ይባላል። ቃሉ ሲተረጐም ግንድ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከመርከበኞች ነው። የጥንት መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ በየመካከሉ ቋጠሮ ባለበት ገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉና፣ በአሸዋ ሰዓት እየለኩ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቈጥሩ ነበር። ቍጥሩ የሚጻፍበት ደብተር የእንጨቱን ስም ወረሰ። ከዚያ በኋላ ነፋሱም፣ የተጓዙበት መንገድም፣ የደረሰው ጕዳትም በዚያው ደብተር ይጻፍ ጀመር። እኛ «የውሎ መዝገብ» ብንለው ከትርጕሙ አንርቅም።

በኮምፒዩተር የውሎ መዝገብ ላይ የክብደት ደረጃን በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ኤሪክ ኦልማን የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በበርክሊ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ሴንድሜይል ከሚባለው የኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራሙ ጋር ሲስሎግ የተባለውን አሠራር አዘጋጀ። አሠራሩ ጠቃሚ ስለ ሆነ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተቀበሉት። በ2001 ልማዱ በጽሑፍ ተመዘገበ፤ በ2009ም የታወቀ ደንብ ሆኖ ወጣ።

ሲስሎግ ማንኛውንም መልእክት ከ0 እስከ 7 ባሉት ስምንት ደረጃዎች ይመድባል። 0 ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ለሥራ የማይበቃበት አደጋ ነው። 1 «አሁኑኑ ድረሱ» ማለት ነው። 2 ብርቱ ጕዳት ነው። 3 ስሕተት ነው። 4 ማስጠንቀቂያ ነው። 5 ጤናማ ቢሆንም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። 6 ለማወቅ ያህል የሚጻፍ ነው። 7 ፕሮግራሙን የሚመረምረው ባለሙያ ብቻ የሚፈልገው ዝርዝር ነው። ቍጥሩ ሲያንስ ነገሩ እንደሚከብድ ያስተውሉ።

ሒሳብ የሚወድ ተማሪ በዚህ ይደሰታል። መልእክቱ ከየትኛው ክፍል እንደ መጣም በቍጥር ይታወቃል። የክፍሉ ቍጥር በ8 ይባዛና የክብደቱ ደረጃ ይደመርበታል። ስለዚህ በመልእክቱ ራስ ላይ 34 ተጽፎ ቢያገኙ ለ8 ያካፍሉት፤ ድርሻው 4፣ ቀሪው 2 ይሆናል። 4 የመግቢያ ፈቃድ የሚጠብቀው የጸጥታ ክፍል ቍጥር ነው፤ 2 ደግሞ ብርቱ ጕዳት። በአንድ ትንሽ ቍጥር ማን እንደ ተናገረና ምን ያህል እንደ ጮኸ ይታወቃል ማለት ነው።

ሁልጊዜ ቀይ

በአገራችን ልማድ ድምፅ ደረጃ አለው። ጐረቤት በአጥር በኩል ቢጣራ ሥራችንን ሳናቋርጥ «አቤት» እንላለን። «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን የበላው ማዕዱን፣ የተኛው አልጋውን ትቶ ይወጣል። ኡኡታ ይህን ኀይል ያገኘው በየቀኑ ስለማይሰማ ነው። ዶሮ በጠፋች ቍጥር ኡኡ የምትል ቤት፣ እሳት በተነሣባት ሌሊት ጐረቤት አይደርስላትም።

ይህን እያወቅሁ ራሴ ተሳሳትሁ። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ሆኜ ለትምህርት ቤታችን የፈተና ውጤት የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ሠራሁ። መምህራን ከአንድሮይድ ስልካቸው ውጤት ያስገባሉ፤ በመዝገብ ቤቱ ያለው ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ይሰበስባል፤ አንድ ሊኑክስ ሰርቨርም ማታ ማታ ቅጂውን ይወስዳል። ያልተለመደ ነገር ሁሉ በቀይ ቀለም «ስሕተት» ተብሎ እንዲጻፍ ያዘዝሁ እኔ ነበርሁ። አንድ መምህር የይለፍ ቃሉን ሲሳሳት ቀይ፤ መስመር ለአፍታ ተቋርጦ ሲመለስ ቀይ፤ ስልክ ባትሪው ሲደክም ቀይ።

በመዝገብ ቤቱ የሚሠሩት፣ ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው ወይዘሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ወደ እኔ መጡ፤ በሁለተኛው ቀን ተማሪ ላኩብኝ፤ በሦስተኛው ቀን ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሞላና የአንድ ክፍል ውጤት ሳይመዘገብ ቀረ። ዲስኩን የሞላው ሌላ ሳይሆን ያ ቀይ መዝገብ ራሱ ነበር። ፕሮግራሙ «ቦታ የለም፤ ውጤቱ አልተጻፈም» ብሎ ጽፏል፤ ግን በመቶ በሚቈጠሩ ቀይ መስመሮች መካከል ተቀብሮ ነበር።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሁልጊዜ ቀይ ነው። የዛሬውን ቀይ ከትናንቱ ቀይ በምን ልለየው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የክፍሉ መምህር የመልስ ወረቀቶቹን ለተማሪዎቹ መልሶ ስለ ነበር ግማሾቹ ጠፍተዋል፤ ስለዚህም ክፍሉ በሙሉ እንደ ገና ተፈተነ። በፊተኛው ፈተና አልፎ በኋለኛው የወደቀ ልጅ ነበረ። ዛሬም ሲያገኘኝ ሰላምታ አይነሣኝም፤ እኔ ግን ዓይኑን ለማየት አፍራለሁ።

ሦስት ቍጥር በሦስት አገር

ጥፋቱን ለመመርመር የሦስቱን መሣሪያዎች መዝገብ ጐን ለጐን ዘረጋን። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ችግር ተገለጠ። አንድ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ዓይነት መሣሪያ ላይ ሲሠራ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የክብደት ቋንቋ አለው። ለምሳሌ 3 ቍጥርን ይውሰዱ። በሊኑክስ፣ በሲስሎግ ልማድ፣ 3 ስሕተት ነው። በዊንዶውስ 3 ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። በአንድሮይድ ግን 3 መርማሪው ብቻ የሚፈልገው ተራ ዝርዝር ነው፤ በዚያ ቍጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይከብዳልና። ቍጥሩን እንዳለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ፕሮግራም፣ ሹክሹክታውን ኡኡታ፣ ኡኡታውንም ሹክሹክታ ያደርገዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነበር። ተማሪዎቼ የስልኩን ፕሮግራም በአገራችን አቈጣጠር እንዲጽፍ አድርገውት ስለ ነበር፣ ያው አንዱ ድርጊት በስልኩ ላይ 2፡15፣ በዊንዶውሱ ላይ 8፡15፣ በሰርቨሩ ላይ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 5፡15 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። የቱ እንደ ቀደመ ለማወቅ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን።

እንዴት ይሠራ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ጀመርን። ወደ እትዬ ሄጄ መልእክቶቹን አንድ በአንድ እያነበብሁላቸው፣ «ይህን ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሳቸው አራት ዓይነት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ «እሮጣለሁ»፤ «ከሥራ በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ»፤ «አይቼ አልፋለሁ»፤ «ይህስ እኔን አይመለከተኝም»። እነሆ አራቱ ደረጃዎች ከዚህ ወጡ፤ «ድረሱ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ለማወቅ» እና «ለመርማሪ» አልናቸው። የይለፍ ቃል መሳሳት ከቀይነት ወርዶ «ለማወቅ» ሆነ፤ የዲስክ መጥበብ ገና ሳይሞላ «ማስጠንቀቂያ» ሆነ፤ የውጤት አለመጻፍ ብቻውን «ድረሱ» ሆነ።

ሁለተኛ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚነገረው ይህ የራሳችን ቋንቋ ብቻ እንዲሆን ደነገግን። ወደ መሣሪያው ሲደርስ በር ላይ የቆመ አስተርጓሚ ይለውጠዋል፤ የእኛ «ድረሱ» በሊኑክስ 3፣ በዊንዶውስ 2፣ በአንድሮይድ 6 ይሆናል። ነገ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ቢመጣ አንድ አስተርጓሚ ይቀጠራል እንጂ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ አይጻፍም።

ሦስተኛ፣ ወንፊት አስገባን። በአዘቦት ቀን «ለመርማሪ» የሚባለው በወንፊቱ ይቀራል፤ ብልሽት ሲፈለግ ግን ፕሮግራሙን ሳንነካ ወንፊቱን እናሰፋዋለን። «ድረሱ» የተባለው ከመዝገቡ ሌላ በቀጥታ ወደ ሰው ስልክ ይሄዳል።

አራተኛ፣ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሆነ። ለሰው ዓይን ሲቀርብ ብቻ ወደ አገራችን ሰዓት ይለወጣል። አምስተኛ፣ መዝገቡ መጠን ተሰጠው፤ ሲሞላ አሮጌው ገጽ ይወገዳል። ታሪክ ጸሐፊው ታሪኩን ማጥፋት የለበትምና።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በመዝገብ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። በ2018 ያን ጊዜ ትዊተር ይባል የነበረው ኩባንያ የደንበኞቹ የይለፍ ቃል ሳይሸፈን በውስጥ የውሎ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ስላገኘ፣ ከ330 ሚሊዮን በላይ የሆኑትን ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ መክሯል። ምስጢር የክብደቱ ደረጃ ምንም ቢሆን በመዝገብ ላይ ቦታ የለውም።

ለእርስዎ

ምናልባት እርስዎ ፕሮግራም ጽፈው አያውቁ ይሆናል። ነገር ግን ነገ ለአለቃዎ ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ወይም የክፍል አለቃ ሆነው ለመምህርዎ ወሬ ያደርሳሉ። በሁሉም ላይ «አስቸኳይ» ብለው ቢጽፉ ራስዎን እንጂ ሌላ ሰው አያታልሉም። በአንዱም ላይ ሳይጽፉ ቢቀሩ ደግሞ እንደዚያ ኩባንያ ኮምፒዩተር ዘጠና ሰባት ጊዜ ተናግረው ሰሚ ያጣሉ። ከመጻፍዎ በፊት፣ የሚያነበው ሰው ተነሥቶ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ ራስዎን ይጠይቁ፤ የክብደቱ ልክ እርሱ ነው።

በትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት ቀይ መስመር ከታየ አሁን ሁለት ወር አልፎታል። ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ብቻ ብቅ አለ። እትዬ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እየሮጡ ወደ ክፍሌ መጡ። ትምህርቴን አቋርጬ ተከተልኋቸው፤ የአንድም ልጅ ውጤት ሳይጠፋ ደረስን።