ቀላል ጠብመንጃ ለማሳ ጥበቃ ይበጃልን?
ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በመንዝና በአካባቢው ጠብመንጃ የአባት ውርስ ነው። ውጅግራውና ምንሽሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ በሠርግና በለቅሶ ተተኩሷል፤ ሰብል እሸት በያዘ ጊዜም ከማሳ ጠባቂው ትከሻ አልተለየም። ከዚህ ልማድ የተነሳ፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ጥይቱ የረከሰ፣ ልጅ እግርም ሊይዘው የሚችል ጠብመንጃ ቢገኝ ጭላዳውንና ጃርቱን ከማሳ ለማራቅ ይጠቅም ነበር የሚል አሳብ በገበሬዎች ዘንድ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መሣሪያ በተለምዶ «ሃያ ሁለት» የሚባለው ትንሽ ካሊበር ጠብመንጃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን ጠባይ ማስረዳት፣ በምን እንደሚመረጥ ማሳየትና በእኛ ደጋ ማሳ ላይ ሲመዘን ምን ያህል እንደሚያገለግል መግለጽ ነው። ማሳን በእርግጥ የሚጠብቀው ምን እንደሆነም በመጨረሻ እናመለክታለን።

1. የመሣሪያው ጠባይ

የሃያ ሁለት ጥይት ከሌላው የሚለየው በማቀጣጠያው ነው። በትልልቆቹ ጥይቶች ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ መካከል ይቀመጣል። በዚህኛው ግን ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብሯል፤ መርፌው የሚመታውም ጠርዙን ነው። ጠርዙ ሲመታ ስለሚጨፈለቅ ቀለሁ ዳግም ተሞልቶ አያገለግልም። ጠርዙ ይጨፈለቅ ዘንድ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ በመሆኑም ብዙ ኃይል ያለው ባሩድ አይሸከምም።

ይህ ዓይነት ጥይት የተጀመረው ለጨዋታ ነው። ሉዊ ፍሎበር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 የሠራው በቤት ውስጥ ዒላማ ለመተኮስ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ረጅሙ የሃያ ሁለት ጥይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር የጠብመንጃ ውድድር የሚተኮሰውም ይኸው ሲሆን፣ የዒላማው መካከለኛ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አረሩ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ330 እስከ 380 ሜትር ገደማ ነው። ኃይሉ ከክላሽንኮቭ ጥይት ጋር ሲነጻጸር ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ትከሻ አይመታም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ለትንንሽ እንስሳ ከ50 እስከ 75 ሜትር ድረስ በትክክል ይሠራል።

ይሁን እንጂ «ትንሽ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። አረሩ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በሩቅም ሆኖ ሰውና ከብት ይገድላል። በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ አረር ከቆላው ይልቅ ይርቃል። በተጨማሪም ይህ አረር ከድንጋይ፣ ከደረቅ መሬትና ከውኃ ላይ በቀላሉ ነጥሮ ያልታሰበ አቅጣጫ ይይዛል። ድንጋያማ በሆነው የመንዝ እርከንና ገደል አፋፍ ላይ ይህ ትልቅ አደጋ ነው።

2. መምረጥ ሲያስፈልግ የሚታዩ ነገሮች

ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው ለዒላማ ስፖርት ወይም ለሌላ የተፈቀደ ተግባር ቀላል ጠብመንጃ የሚመርጥ ከሆነ ቀጥለው የተመለከቱትን ነጥቦች ማየት ይኖርበታል።

ሀ. አሠራሩ፦ በየተኩሱ በእጅ የሚቀባበለው ራሱ ከሚያቀባብለው ይመረጣል። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ጥይት በፊት እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ለማጽዳትም ይቀላል፤ ብልሽቱም ያነሰ ነው።

ለ. ክብደቱ፦ አሮጌው ውጅግራ 4.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሃያ ሁለት ጠብመንጃዎች አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ናቸው። አርማላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ኤ.አር. 7 ደግሞ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ተፈታትቶ በራሱ ሰደፍ ውስጥ ይከተታል። የታሰበውም በረሃ ወይም ጫካ ውስጥ ለሚወድቅ መንገደኛ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ነገር ግን እጅግ የቀለለ ጠብመንጃ በእጅ ላይ አይረጋም፤ ነፋስና ትንፋሽ ያወዛውዙታል። ለአነጣጥሮ ተኩስ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሆነው ይሻላል።

ሐ. ሰደፉ፦ ርዝመቱ ከተኳሹ ክንድ ጋር መስማማት አለበት። የረዘመ ሰደፍ ዓይንን ከማነጣጠሪያው ያርቃል።

መ. ማነጣጠሪያው፦ ተራው የብረት ማነጣጠሪያ በቂ ነው፤ በ50 ሜትር ተሞክሮ መስተካከል አለበት።

ሠ. ጥይቱ፦ ጥይት በሕጋዊ መንገድ ያለማቋረጥ የማይገኝለት ጠብመንጃ ከዱላ አይሻልም። የዚህ ጥይት ማቀጣጠያ በእርጥበትና በእርጅና ሊከሽፍ ስለሚችል በደረቅ ቦታ፣ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ መክፈት ያስፈልጋል።

ረ. እንክብካቤው፦ የደጋው ጉምና ውርጭ ብረት ያዝጋል። ጠብመንጃ ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ስለሚያልበው ተወልውሎ በስሱ ዘይት ይቀባ። ወፍራም ዘይት በብርድ ስለሚረጋ መርፌውን ያደክማል።

ሰ. አቀማመጡ፦ መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ። ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቆለፍበት።

3. በእኛ ማሳ ላይ ሲመዘን

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ቢሟላም መሣሪያው ለማሳ ጥበቃ አይሆንም። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ጭላዳ። ወንዱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የሃያ ሁለት አረር እንዲህ ያለውን እንስሳ ብዙ ጊዜ ያቆስላል እንጂ ወዲያው አይገድልም። የቆሰለው ገደል ገብቶ ይሞታል፤ መንጋውም በማግስቱ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ወደ ገብስ ማሳ የሚገባው በተለይ ማሳው ገደል አፋፍ ድረስ ሲታረስና ግጦሹ ሲጠብበት ነው።

ሁለተኛ፣ ጃርት። የሚወጣው በሌሊት ነው። በጨለማ የማይታይ ነገር ላይ መተኮስ ጎረቤትን ወይም ከብቱን መምታት ነው።

ሦስተኛ፣ በመርሐ ቤቴ በጀማ ሸለቆ በኩል ያለው ከርከሮ። ቆዳው ወፍራም፣ አካሉ ትልቅ ስለሆነ ትንሿ አረር አትበቃውም፤ የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ሰው ላይ ይዞራል።

አራተኛ፣ ቀይ ቀበሮ። የበግ ጠባቂው ተራውን ቀበሮ ለመምታት ሲል ቀዩን ሊመታ ይችላል። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው አዋቂው ከ500 አይበልጥም፤ የመንዝ ጓሳ ከጥቂቶቹ መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። መለያዎቹ ቀይ ጠጉሩ፣ ነጭ ጉሮሮውና ሆዱ፣ ረጅም እግሩ፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራው ናቸው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ስለዚህ የገብሳችን ጠላት ጠላት ነው። በጓሳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ያህል እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ያህል ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ጭላዳውን በጥይት መበተን እንግዲህ አይጥ አዳኙንም ማወክ ነው።

አምስተኛ፣ ለክፉ ቀን ስንቅነቱ። ቆቅና ጅግራ ተኩሶ ቤተ ሰብ ማክረም አይቻልም፤ ጥንቸሉንም ብዙው ሰው በሃይማኖቱ አይበላውም። የደገኛው የክፉ ቀን መተማመኛ የገብስ ጎተራውና የበግ መንጋው ነው። ለጠብመንጃና ለጥይት የሚወጣው ገንዘብ ለምርጥ ዘር፣ ለጎተራ ጥገናና ለበግ ክትባት ቢውል በክፉ ቀን የበለጠ ይመልሳል።

4. ሕጉ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መሸጥን ይከለክላል። ሃያ ሁለት ካሊበርም ትንሽ በመሆኑ ከዚህ አይወጣም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ስለሆነም ማኅበራት ጠብመንጃን እንደ ማዳበሪያና እንደ ዘር ገዝተው የሚያከፋፍሉት ዕቃ አይደለም።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት በመነሳቱ፣ በማሳ ዳር መሣሪያ ይዞ የታየ ሰው ምን ዓላማ እንዳለው ከሩቅ አይለይም። ለጭላዳ የተተኮሰ አንድ ጥይት ሌላ ተኩስ ሊጠራ ይችላል። በዚህ ላይ ማሳ የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ ሕፃናት መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ ከሰብልም በላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

5. ማሳን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ሀ. የተራ ጥበቃ፦ አሥራ ሁለት ቤተ ሰብ ጎን ለጎን ማሳ አላቸው እንበል። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲጠብቅ በቀን 12 ሰው ይቆማል። አራት ቦታ ማማ ተሠርቶ በተራ ቢጠበቅ ግን በቀን 4 ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በሦስት ቀን አንዴ ነው። ለ30 ቀን ሲታሰብ 360 የነበረው የሰው ቀን ወደ 120 ይወርዳል፤ 240 የሥራ ቀን ይተርፋል። ከዚህ የተረፈው ጊዜ በመጀመሪያ ሕፃናትን ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ መዋል አለበት።

ለ. ጊዜና ቦታ፦ ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ውስጥ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ ጠባቂው ከአፋፉ በኩል ቀድሞ መገኘት አለበት። መንጋው ማሳ ከገባ በኋላ ማባረር ከባድ ነው፤ ከመግባቱ በፊት መመለስ ግን በወንጭፍ፣ በጅራፍ ድምፅና በጩኸት ይቻላል።

ሐ. የሣር መቀነት፦ ከገደሉ አፋፍና ከማሳው መካከል ያልታረሰ ሣር መተው ሁለት ጥቅም አለው። ጭላዳው ሣሩን ይግጣል፤ ጠባቂውም መንጋው ሲመጣ በግልጥ ያየዋል። አፈሩም በጎርፍ ከመሸርሸር ይድናል።

መ. እኩል መዝራት፦ ለብቻው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰ ማሳ የአካባቢውን አውሬና ወፍ ሁሉ ይሸከማል። ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዘሩ ጉዳቱ ይከፋፈላል፤ የጥበቃውም ጊዜ ያጥራል። የደረሰው ሰብልም ሳይውል ሳያድር ታጭዶ ወደ አውድማ ይግባ።

ሠ. አጥር፦ ለጃርት ከሁሉ የሚሻለው ከሥሩ የተደፈነ የድንጋይ ካብና እሾህ ነው። በተለይ የድንች ማሳ ሊታጠር ይገባዋል።

ረ. ውሻ፦ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ስለሚተላለፍ በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ውሾቻቸውን ማስከተብና ሳይለቁ መያዝ አለባቸው።

6. የማኅበሩና የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ድርሻ

በተራ መጠበቅ ለመንዝ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራ መሪነት እስከ 3 እና 5 ዓመት ድረስ ዘግቶ በመጠበቅ ለክዳንና ለድርቅ ዘመን ግጦሽ ያቆየው ይኸው ሕዝብ ነው። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ በኋላ በመረጠው ኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። ለገብሱም ማሳ የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ስምምነት ነው።

ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ከዘር ወቅት በፊት፦

— በቀበሌው ይበልጥ የሚጠቁትን ማሳዎችና አውሬው የሚመጣበትን አቅጣጫ ከሽማግሌዎች ጋር ለይቶ ይመዝግብ፤
— የማማውን ቦታና የተራውን ዝርዝር በማኅበሩ ስብሰባ ያጸድቅ፤
— ተራውን ላልጠበቀ ሰው የሚወሰነውን መቀጫ ማኅበሩ ራሱ እንዲደነግግ ያድርግ፤
— ጉዳት ሲደርስ ቀኑን፣ የእንስሳውን ዓይነትና የተበላውን ስፋት ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስተላልፍ።

ከአንድ ምርት ዘመን በኋላ መዝገቡ ለስብሰባው ይነበብ። የትኛው ማማ እንደሠራ፣ የትኛው ቦታ መለወጥ እንዳለበት ገበሬዎቹ ከዚያ አይተው ይወስናሉ።