«ሪሴትልመንት ተከፈተ» ብለን ከመለጠፋችን በፊት፦ ዜናን በስልክ እንዴት እናጣራ?

በካምፕ ውስጥ ዜና የምትሠሩ፣ የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ያላችሁ ወገኖች፣ እኛ ዘንድ የተሳሳተ ወሬ ዋጋው ከባድ ነው። «ምዝገባ ተጀመረ» የሚለውን ያነበበ ሰው የራሽን እህሉን ሸጦ ለደላላ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ሼር ከማድረጋችን በፊት «ይህን መጀመሪያ ያለው ማነው?» ብለን እንጠይቅ።

1. ዋናውን ምንጭ ፈልጉ። የዩኤንኤችሲአር «ሄልፕ» ድረ ገጽ ለየአገሩ የተለየ ገጽ አለው። የስደተኞች ቁጥር ከፈለጋችሁ የድርጅቱን የዳታ ፖርታል፣ የእርዳታ ሪፖርቶችን ደግሞ ሪሊፍዌብ ላይ ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ጉዳይ ከሆነ እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ያለውን ፌደራል ሬጅስተር ተመልከቱ። የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የተፈረመው ትእዛዝ ሙሉ ቃሉ እዚያ አለ። «ተነሳ» የሚል ወሬ ሲመጣም ማጣሪያው እዚያው ነው።

2. አድራሻውን እዩ። የዩኤንኤችሲአር ትክክለኛ ድረ ገጽ አድራሻው «ዩኤንኤችሲአር ዶት ኦርግ» ብሎ ያበቃል። ስሙን መሀል ላይ አስገብቶ በሌላ ነገር የሚጨርስ ከሆነ ተጠንቀቁ። ገንዘብ ከጠየቃችሁማ ነገሩ አለቀ፤ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነጻ ነው።

3. በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደል ቀያይሩ። «ሠራተኛ» ብላችሁ ያጣችሁትን «ሰራተኛ» ስትሉ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ ናቸው። አንድን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለመፈለግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት።

4. ዘመኑን ለዩ። «2017» የሚል ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆች? ከላይ ያልነው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በእኛ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ሳይለዩ የስምንት ዓመት ደብዳቤ እንደ አዲስ ማሰራጨት ቀላል ነው።

5. ፎቶውን መርምሩ። ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ስትጭኑት ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ሊያሳያችሁ ይችላል። የሌላ አገር ካምፕ ቃጠሎ «ትናንት እዚህ የተነሳ» ተብሎ ቢመጣ የሚያዘው በዚህ ነው። በዋትስአፕ የመጣ ፎቶ ግን የተነሳበትን ቀንና ቦታ መረጃ ይዞ ስለማይመጣ፣ ላኪውን «ዋናው የማን ነው?» በሉት።

6. የተሰረዘ ገጽ ካለ ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን አስገቡና የድሮ ቅጂውን ፈልጉ። እናንተም ጠቃሚ ማስታወቂያ ስታዩ ሳይጠፋ እዚያ አስቀምጡት።

ኢንተርኔት ላይ የማይገኝም ብዙ ነገር አለ። የካምፑን ማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ፣ መረጃ መስጫውን ጠይቁ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው አነጋግሩ። ስክሪንሾት ስትለጥፉ ደግሞ የሰዎችን ስም፣ ስልክና የኬዝ ቁጥር ሸፍኑ። በዚያ ቁጥር ደላላ ሊያጭበረብርበት ይችላል፤ የሸሸውን ሰው የሚፈልግ ወገንም ያለበትን ሊያውቅ ይችላል።