ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋል

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ብትሄዱ፣ ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ የሚሮጥ ሰው አታጡም። አንዱ ለጤናው ነው፣ ሌላው ክብደት ለመቀነስ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅም አለ። ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ልጅ ቦታው ቅርብ ነው፤ ክፍያም የለውም።

ግን ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው መቼ ይመስላችኋል? መጀመሪያ ሳምንት ላይ አይደለም። ያን ጊዜ ትንፋሽ ቁርጥ ይላል፣ እግር ይዝላል፤ ቢሆንም ሞራል አለ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ቀለል ይላል። በሦስተኛው «በቃ፣ ለመድኩት!» ብሎ ሩጫውን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ ቅልጥሙን ያመዋል።

ምን ሆነ? የሰውነታችን ክፍሎች እኩል አይለምዱም። ልምምድ ስንጀምር የደማችን ፈሳሽ ክፍል በቀናት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ጡንቻ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች በሳምንታት ውስጥ ይበዛሉ። ትንፋሻችሁ የሚሻሻለው ለዚህ ነው።

አጥንት ግን ሌላ ነው። አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያደርገው ማፍረስ ነው። የቤት እድሳት አይታችሁ የለ? ያረጀው ግድግዳ ሳይፈርስ አዲሱ አይቆምም። ማፍረሱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲወስድ፣ መልሶ መገንባቱ ወራት ይፈጃል። በመሐል ያ ቦታ ከበፊቱም ደከም ያለ ነው። ልጁ ሩጫውን እጥፍ ያደረገው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው! ጅማትም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው።

ስለዚህ ፕሮግራም ስታወጡ በአጥንታችሁ ልክ አውጡት፤ ትንፋሻችሁን አትመኑት። ለጀማሪ ቀን እየዘለሉ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፦ ሁለት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ፣ ለ20 ደቂቃ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ፤ በአራተኛው ሳምንት ግን ቀንሱ። እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። የምትለማመዱትም የምትወዳደሩበትን ይምሰል። ደረጃ ጭንን ያጠነክራል፣ 10 ኪሎ ሜትር አስፋልት ግን አያስለምድም። ከአደባባዩ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገትም ሞክሩት፤ ሲወርዱ ቀስ ብሎ ነው፣ ቁልቁለት እግርን ይበልጥ ይመታል።

«ባርፍ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል» የሚለውን ስጋት ደግሞ ተዉት። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ጥቂት ሳምንታት ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቢሆንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ በጊዜው የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። እርግጥ እሱ አበበ ነው፤ እናንተም ከቀዶ ሕክምና ተነስታችሁ ሩጡ ማለቴ አይደለም! ግን በዓመታት የተገነባ አቅም በጥቂት ቀን እረፍት ብን ብሎ አይጠፋም።

አሁኑኑ ቅልጥማችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ፣ በጣታችሁ ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያላችሁ እዩት። ሕመሙ በሰፊው የተበተነ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሩጫውን ቀንሶ ማረፍ ያሻለዋል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ ከሆነ፣ ወይም ቁጭ ብላችሁም የማይተዋችሁ ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።