ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው?

ከሞያሌ አጠገብ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ቦሪ፣ ውሃ የሚመረመረው ብዙ ጊዜ በዓይን ነው። ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ ደጃፍ ስትደርስ ባለቤቲቱ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። ከሃሮ፣ ማለትም ከኩሬ የመጣው ውሃ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። የጉድጓዱ ጥርት ካለ ግን «ይሄስ ንጹሕ ነው» ይባላል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ድፍርሱ ቢያንስ ያስጠረጥራል፤ ጥርት ያለው ያዘናጋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መገኘት የለበትም፤ ይህን ደግሞ ዓይን አያይም። ፍሎራይድም ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ አካባቢ፣ የብዙ ሰው ጥርስ የበለዘው በልጅነት በጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት፣ ኩልል ያለ የጉድጓድ ውሃ ነው።

ጥርት ያለ የባሕር ውሃም እንዲሁ ዓይን የማያየው ጉዳት ሊይዝ ይችላል። በኬንያ ጠረፍ ያለው ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሩ ሲሞቅ ነጥቶ በብዛት ሞቷል። ከበጋው የተለመደ ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ይበቃዋል። ሙቀት ውሃን አያደፈርስም፤ ካልለኩት አይታወቅም።

ወደ መጠጥ ውሃ ስንመለስ፣ «ከፈላ አለቀለት» የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ተንፈቅፍቆ 1 ደቂቃ የፈላ ውሃ ጀርሙ ይሞታል። ፍሎራይዱና ጨዉ ግን እዚያው ናቸው፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት በቀነሰ ቁጥር ይጠነክራሉ።

«ምንጩ ታክሟል» የሚለው ደግሞ ጀሪካኑን ይረሳል። ውስጡን በጣት ዳበስ ያድርጉት፤ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ካለ የታከመው ውሃ እዚያው ተመልሶ ይበከላል። ቤት ከገባ በኋላም ልጆች በእጃቸው የሚያጠልቁት ጣሳ አለ። ስለዚህ ለማከሚያ ከተጨመረው ክሎሪን ውሃው ሲጠጣም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። የሃሮ ውሃ ላይ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ ከመጨመርዎ በፊት ጭቃው እንዲዘቅጥ አድርገው በነጠላ ያጥልሉት፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

የውሃ ኮሚቴውን ሲያገኙ የጉድጓዱ ፍሎራይድ ስንት እንደሆነና መቼ እንደተለካ ይጠይቁ። ወረቀቱንም ያሳዩን ይበሉ።