ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዱ ቡድኖች፦ ተረትና እውነታ

መርካቶ ውስጥ ስለ መጠጥ ሱስ ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው «ቆራጥ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዋል» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ለአንዳንዱ ሰው አደገኛ ነው። ጠዋት ሸክም ከመጀመሩ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ አልጸና የሚለው ወዛደር፣ ሰውነቱ አልኮሉን ስለለመደ ያለሱ መረጋጋት አቅቶታል። እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ሲያቆም በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል መንቀጥቀጥ፣ ማላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ያለ ነገር ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠትና ትኩሳት ሊከተሉ ይችላሉ፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ በየቀኑ አብዝቶ ለሚጠጣ ሰው ከድጋፍ ቡድን በፊት ሐኪም ይቀድማል። መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠው ቀኖቹን ሲያልፍ፣ ቁጭ ብሎ ሰው የሚያዳምጥበት አቅም ያገኛል።

«እኔ ለጨብሲ ብቻ ነው» የሚለውም ሰው ራሱን ከጠጪ አይቆጥርም። ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ ነጋዴ ግን ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን እያደባለቀ ነው። ጫት ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል፤ ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍንበት ሳያውቀው አብዝቶ ይጠጣል። ቢራ ነው ማለቱም አያድነውም። 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ የሚይዘው ንጹሕ አልኮል፣ 45 በመቶ አልኮል ካለው 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ጋር ተቀራራቢ ነው።

ሕክምና ሲባል ደግሞ «አማኑኤል የእብድ ቤት ነው» የሚለው ተረት ይመጣል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ጥግ ነው። በ1930 ዓ.ም. አካባቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ከእብደት ጋር ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ ግን የሱስ ሕክምናም ይሰጣል፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እንዲሁ። ወደ ሆስፒታሉ የሄደ ሁሉ ይተኛል ማለትም አይደለም፤ ብዙው ሰው ታይቶ፣ ቀጠሮ ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። የድጋፍ ቡድን ለሚፈልግ ሰው አጭሩ መንገድ የሱስ ሕክምና ክፍሉን መጠየቅ ነው። ስብሰባው በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ፣ ለማንም ክፍት ነው ወይስ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ፣ ከሱቅ መዝጊያ ሰዓት ጋር ይስማማል ወይ ብሎ አስቀድሞ ማወቅ ያልተገባ እንግልት ያስቀራል።

ወደ ቡድን ለመሄድ ዋናው ፍርሃት የገመና መውጣት ነው። የእነዚህ ቡድኖች አባት የሆነው አልኮሊክስ አኖኒመስ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አክሮን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን በተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ በተባለ ሐኪም ተጀመረ። ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። እንደ እድር መዝገብ፣ የግዴታ መዋጮና የቀሪ ቅጣት የለበትም፤ ወጪው አባላት በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ይሸፈናል። አባላት የሚጠራሩት በመጀመሪያ ስማቸው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም፤ መናገር ያልፈለገም «ዛሬ ልስማ» ብሎ ያልፋል። በርግጥ ምስጢር መጠበቁ በአባላት ቃል ላይ የቆመ ነው፤ የተሰማን ነገር የሚያወራ አይጠፋም። እቁብና ዱቤ በመተማመን በሚሄድበት ገበያ ይህን የሚፈራ ነጋዴ ፈሪ አይባልም፤ ከሱቁ ተራ ራቅ ያለ ቡድን ቢመርጥ ያስተዋለ ነው።

ጸበል ከገቡና ንስሐ አባት ፊት ከተገዘቱ ቡድን አያስፈልግም የሚሉም አሉ፤ ቡድኑ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው ብለው የሚሸሹም አሉ። የአልኮሊክስ አኖኒመስ 12 ደረጃዎች አምላክን ቢጠቅሱም «እያንዳንዱ እንደሚረዳው» ስለሚሉ፣ ራጉኤል የሚያስቀድሰውንም አንዋር መስጊድ የሚሰግደውንም ከእምነቱ አያስወጡም። ግዝት ብዙዎችን አቁሟል፤ ግዝቱን ያፈረሰ ሰው ግን በኀፍረት ከካህኑም ከቤተሰቡም ይሸሻል። ቡድኑ የሚጠቅመው በተለይ ያን ጊዜ ነው፤ ትናንት የጠጣ ሰው ዛሬ ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል።

«ካገረሸበት ሁሉም ከንቱ ነው» የሚባለውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሱስ ማገርሸት የተለመደ ነው፤ ድጋፉ እንዲጠናከር ያመለክታል እንጂ ያለፈውን ጥረት አይሰርዝም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በባለሙያ እገዛ ወደ አልኮሊክስ አኖኒመስ ከተመሩት በአንደኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ያቆሙት 42 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ሌላ ዓይነት የንግግር ሕክምና ካገኙት 35 በመቶ ነበሩ። ጥናቶቹ በአብዛኛው አሜሪካ የተደረጉ ስለሆኑ ቁጥሩ እንዳለ ለመርካቶ አይወሰድም።

በመጨረሻ፣ ባልየው እምቢ ካለ ሚስት ማድረግ የምትችለው ነገር የለም ይባላል። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አል አኖን የተባለው የድጋፍ ቡድን ግን የቆመው ለጠጪው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው። ጠጪው ባይመጣም ሚስት፣ እናት ወይም ልጅ ለብቻቸው ይካፈላሉ፤ ዕዳውን መክፈልና ለቀረበት ሥራ ሰበብ መፍጠር መጠጡን እንዴት እንደሚያራዝሙለት እዚያ ይነጋገራሉ።