ስንቅ ይዞ ለሚያርፍ ሰው የትኛው ባሕር ዳር ይሻለዋል?

በካቺሲ ከተማ ከሚሠሩ ሦስት ወዳጆቼ ጋር የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃዳችንን አብረን ለማሳለፍ በተመካከርን ጊዜ፤ ሁላችንም በአንድ ቃል የመረጥነው የባሕር ዳርን ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ የግንደ በረት ወረዳ በሰሜን በኩል ከዓባይ ጋር የሚዋሰን ቢሆንም ከመካከላችን ዋና የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁለተኛው ስምምነታችን ደግሞ፤ ስንቃችንን ይዘን እየሄድን ራሳችን እናበስላለን እንጂ ሆቴል አንመገብም የሚል ነበር። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ አንባብያን ያውቁታልና ምክንያቱን አላብራራም።

ለመሆኑ የትኛው ባሕር? ቀድሞ ለዕረፍት ባሕር ዳር መውረድ ሲባል ምጽዋ ይታሰብ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የራስዋ የባሕር ጠረፍ የላትም። ጂቡቲ በባቡር ይደረሳል፤ ሆኖም ፓስፖርቱና የውጭ ምንዛሬው ሌላ ሒሳብ ነው፤ በክረምቱ ወራትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ደግነቱ ቋንቋችን ለጋስ ነው። የቀድሞ ሰዎች ሐይቁንም ባሕር ይሉታል፤ በጣና ዳር የተቆረቆረችው ከተማ ባሕር ዳር መባልዋም ከዚሁ የተነሣ ነው። እኛም በዚህ ፍች ተጠለልን።

ከወዳጆቼ አንዱ ላንጋኖን አጥብቆ ያዘ። እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ደካማ አልነበረም። የላንጋኖ ውሃ መልኩ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም፤ ስለዚህም ሰው ያለ ስጋት ይዋኝበታል፤ አሸዋው ሞቃት ነው፤ ዓሣም ይገኛል። ነገር ግን ከካቺሲ ተነሥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ከሰባቱ ቀን ስንቱን እንደሚበላ ቁጠሩት። የወባ አጎበርም ከስንቁ ጋር ይታሰባል። ሌላው ደግሞ ደንዲን አነሣ። ደንዲ እንደ 8 ቁጥር የተያያዙ ሁለት ክብ ውሃዎች ያሉት፤ ጸጥታው የሚያስገርም ሐይቅ ነው።

እኔ በበኩሌ ወንጪ አልኩ፤ በብዙ ክርክርም ረታሁ። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፤ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፤ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቈጥሮታል፤ ከዚያም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገድና ሎጅ ተሠርቶለታል። የሎጁ አልጋ ለእኛ ኪስ አልተሠራም፤ ግን በአንድ ገበሬ ግቢ በጥቂት ገንዘብ ድንኳን ተከልን። ሙግቴም ይኸው ነበር፤ ስንቅ ይዞ የሚያርፍ ሰው ከውሃው ውበት አስቀድሞ መመልከት ያለበት በውሃው ዳር ሰው ይኖር እንደ ሆነ ነው። በወንጪ ገብስ የሚያርስ፤ ድንች የሚተክል፤ እንሰት ያለው፤ ቀፎ የሰቀለ ጎረቤት አለ።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ሳለሁ ስንቁን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ሽሮውን፤ በርበሬውን፤ ጭኮውን፤ ድርቆሹንና ቡናውን በደንብ አሰናዳን። በዚያ ላይ ግማሽ ኩንታል ያህል ድንችና አንድ ከረጢት ባቄላ እንድንሸከም ያስገደድኩ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ምሽት ባቄላውን ሳንዘፈዝፍ ጣድነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሆን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ውሃው ይንተከተካል፤ ባቄላው ግን ጥርስ ይሰብራል። ቡታጋዛችን እስኪያልቅ ጠበቅን። የግቢው እመቤት ብርዱን ሳይፈሩ ብቅ ብለው፤ «ልጆቼ፤ የመጣችሁት ባሕሩን ልታዩ ነው ወይስ ባቄላ ልትጠብቁ?» አሉንና ቆጮ በአይብ ሰጡን።

በማግስቱ ከወዳጆቼ አንዱ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «ድንቹን ከካቺሲ፤ እንጨቱን ከጫካው፤ ውሃውን ከምንጩ ካገኘን፤ ይህ መንደር ከእኛ ምን አገኘ?» አለ። መልስ አልነበረኝም። የአካባቢው ነዋሪዎች ፈረስና ጀልባ በተራ እያከራዩ ይኖራሉ፤ እኛ ግን ገንዘብ ላለማውጣት በእግር ነበር የወረድነው። ጫካውም ቢሆን ያንን ዳገት አፈሩ ወደ ውሃው እንዳይንሸራተት የያዘው እርሱ ነው፤ ለእኛ ወጥ ሲባል የሚቈረጥ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቹን፤ ወተቱንና ማሩን ከመንደሩ ገዛን፤ ጀልባም ተሳፈርን። ሒሳቡን ስናየው፤ ድንቹን ለማስጫን ለመኪና ከከፈልነው ብዙም አልበለጠም። ስለዚህ ወደ ወንጪ የምትሄዱ፤ ቅመሙንና ደረቁን ስንቅ ከቤት ያዙ፤ ከባዱን እዚያው ግዙ፤ ምድጃና ነዳጅም አትርሱ።

ተማሪዎች ዕረፍታቸው በክረምት በመሆኑ ያሳዝኑኛል። በሐምሌና በነሐሴ ወንጪ ጭቃና ጉም ነው፤ ለእነርሱ ላንጋኖ ይሻላል። ፈቃዱን መምረጥ የሚችል ሠራተኛ ግን ከመስቀል በኋላ ይሂድ፤ ብርድ ልብሱንም ይደርብ። በምዕራብ ሸዋ መንገዶች ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ስለ ታየ፤ በዚያው ሳምንት ከመጣ ሹፌር ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

በመጨረሻው ማታ የተረፈውን ባቄላ ለግቢው እመቤት ሰጠናቸው። እርሳቸውም ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ሌሊት ተነሥተው ጣዱት። ወደ አምቦ የሚወስደን መኪና ጡሩንባ ሲነፋ፤ ትኩስ ንፍሮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉን።