የታመመ ሕፃን ምግብ እንዳይከለከል

ረኃብ በገባበት አገር በሽታ ተከትሎት መግባቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ይህንን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት እልቂት ወርዶ፥ በሬ ጠፍቶ፥ እርሻም ተቋርጦ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፥ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሰየሙት በዚያ ዘመን፥ ሰውን የፈጀው ባዶ ሆድ ብቻ አልነበረም። ፈንጣጣው፥ ተስቦውና ኮሌራው በደከመው ሰውነት ላይ እየተከታተሉ ወርደው ከረኃብ የተረፈውን ጨረሱት።

ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ክፉ ቀን ብቻ አይደለም። በደኅናው ቀን፥ መሶቡ በሞላበት ቤት እንኳ ሳይቀር፥ በምግብ ጕድለትና በተላላፊ በሽታ መካከል ስላለው ስምምነት ለቤተ ሰብ አለቆችና ለእናቶች ልናስታውስ ነው።

የሰው ገላ ቅጥርና ዘበኛ አለው። ቅጥሩ ቈዳው፥ የአንጀቱና የሳንባው ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ዘበኞቹም በደሙ ውስጥ የሚመላለሱት ነጫጭ ሕዋሳት ናቸው። ቅጥሩ የሚታደሰው፥ ዘበኞቹም የሚቀለቡት ከምግብ ነው። ምግብ የጐደለው ሕፃን የአንጀቱ ሽፋን ይሳሳል፤ በደረቱ ውስጥ ያለው፥ ዘበኞቹ የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው ዕጢም ይመነምናል። በዚህ ጊዜ በጠገበ ሕፃን ላይ ለጥቂት ቀን ታይቶ የሚያልፈው ተቅማጥ ወይም ሳል፥ በተራበው ላይ የሞት ምክንያት ይኾናል።

በሽታውም በበኩሉ ረኃብን ይወልዳል። ትኵሳት ገላ ያከማቸውን ስብና ሥጋ ያነዳል፤ ሕመም የመብላትን ፍላጎት ይዘጋል፤ ተቅማጥ የተበላው ሳይዋሐድ ይዞት ይወጣል፤ የሆድ ትልም ከሕፃኑ ጋራ ማዕድ ይካፈላል። ስለዚህ ሕፃኑ ከአንዱ በሽታ ሲነሣ ከስቶ ይነሣል፤ የከሳውንም ሁለተኛው በሽታ ፈጥኖ ያገኘዋል።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። ሊዮናርዶ ማታ የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ በጓቴማላ ደጋ፥ ሳንታ ማሪያ ካውኬ በምትባል መንደር፥ ከ1964 እስከ 1972 በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ እየመዘነ ሕመማቸውን ሁሉ ጻፈ። የክብደታቸው መሥመር በታመሙ ቍጥር እየቆመ ወይም እየወረደ ይታይ ነበር። በ1968ም ስክሪምሾ፥ ቴይለርና ጎርደን የተባሉት ሊቃውንት በዓለም የጤና ድርጅት ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ረኃብና በሽታ አብረው ሲመጡ ጕዳታቸው የሁለቱ ድምር ብቻ ሳይኾን ከዚያ የበለጠ መኾኑን ገለጹ።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. በጎዴ ወረዳ በደረሰው ረኃብ ጊዜ ይኸው ታይቷል። በኋላ 595 ቤተ ሰብ ተጠይቆ እንደ ተገኘው፥ በ8 ወር ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ያሉ 159 ሕፃናት ሞተው ነበር። ከ100ው ሞት በ72ቱ የሰውነት መክሳት እጁ ነበረበት፤ 35ቱን ሕፃናት ደግሞ ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከመክሳት ጋራ ተባብሮ ገደላቸው። የተራበ ሕዝብ እህል ፍለጋ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ኩፍኝ እንደ እሳት ይዛመታልና፥ እህል የሚልክ ሹም ክትባቱንም አብሮ መላክ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በብዙ ቤት ሕፃን ሲያተኵሰው ወይም ሲያስቀምጠው፥ ሆዱ ይረፍ እየተባለ ምግብ ይከለከላል፤ የቀጠነ አጥሚት ብቻ ይሰጠዋል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ቢኾንም ለጠላት በር መክፈት ነው። ደግሞም ሕፃናት ከ7 ዓመት በፊት ጾም ባይያዙም፥ ታላላቆቹ በሚጾሙበት ወራት የፍስክ ድስት ስለማይጣድ፥ ሕፃኑ ሳይጾም ከጿሚ ጋራ ይቈጠራል። ለእርሱ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት ብትኖር ጾሙም አይፈርስ፥ ሕፃኑም አይጐዳ። ግብዣ በኾነ ጊዜም ሥጋው ለእንግዳና ለታላቅ ቀርቦ ሲያበቃ ለልጅ መረቁ ብቻ የሚተርፍበትን ልማድ ልናስብበት ይገባል።

እንግዲህ የቤት እመቤቶች የሚከተለውን እንዲጠብቁ እናሳስባለን።

1ኛ፤ ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ፤ ውሃም አያስፈልገው።

2ኛ፤ ከ6 ወር በኋላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡቱ ሳይቋረጥ፥ ወፈር ያለ ገንፎ ከወተት፥ ከዕንቍላል፥ ከባቄላ ወይም ከምስር፥ ከጐመንና ከዱባ ጋራ ይጨመርለት።

3ኛ፤ ሲታመም ጥቂት ጥቂት፥ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ሲያስቀምጠው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ቅመም በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፥ የሚታዘዘውንም ዚንክ መስጠት ነው። ከዳነ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት በየቀኑ አንድ ማዕድ ይጨመርለት።

4ኛ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር አይለፈው። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ዐይኑ እንዳይጠፋ ቪታሚን ኤ ያስፈልገዋልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

5ኛ፤ የምታበላው እጅ፥ የእናትም ትኹን የሞግዚት፥ አስቀድማ በሳሙና ትታጠብ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው፥ ከ5 ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ በሚያህሉት ሞት የምግብ ጕድለት አለበት። ነገር ግን የብዙዎቹ ሞት በመዝገብ ሲጻፍ ተቅማጥ፥ የሳንባ ምች ወይም ኩፍኝ ተብሎ ነው፤ ረኃቡ ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ ጐተራ የሚጠብቀው ሹምና መድኃኒት የሚያድለው ሹም አንድ ጠላት እንዳላቸው ዐውቀው ቢመካከሩ፥ እናትም በታመመ ልጇ አጠገብ ማንኪያዋን ባታስቀምጥ፥ ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹ ይተርፋሉ።